ዓሣው ይመታል፣ ግን አይያዝም፦ በፖቶማክ ሣር ላይ በእንቁራሪት ማታለያ ማጥመድ

«ዓሣው ውሃውን ሰንጥቆ ይመታዋል፣ ስጎትት ግን ባዶ ነው። ምን ላድርግ?»

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ወዳጆቼ ከግንቦት እስከ መስከረም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በስልክ ስመልስ ግማሹ ይረሳል። ስለዚህ ከመሣሪያው እስከ መጥበሻው ድረስ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። የጥያቄው ዋና መልስ ደረጃ 7 ላይ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ያሉት ካልተስተካከሉ 7ኛው ብቻውን አይሠራም።

መመሪያው ለአንድ ዓይነት ውሃ ነው፦ ከዋሽንግተን ከተማ በታች ላለው፣ ታይድ (የባሕር ውሃ መውጣትና መውረድ) በቀን ሁለት ጊዜ ለሚሞላውና ለሚያጎድለው የፖቶማክ ወንዝ ክፍል፣ እንዲሁም ወደ እርሱ ለሚገቡት ትንንሽ ወንዞች አፍ። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 4 ጫማ ሲሆን በሰመር ሃይድሪላ የሚባለው ሣርና ሰፋፊ የውሃ ቅጠል ይሸፍነዋል። የምንፈልጋቸው ዓሦችም ሁለት ናቸው፦ ላርጅማውዝ ባስ (ከዚህ በኋላ «ባስ») እና ስኔክሄድ፣ ከእስያ የመጣ እባብ የሚመስል ረጅም ዓሣ። ስኔክሄድን ሜሪላንድ በ2024 በሕግ «ቼሳፒክ ቻና» ብላ ሰይማዋለች፤ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ይህን ስም ብታዩ ያው ዓሣ ነው።

ለምን ከላይ የሚንሳፈፍ ማታለያ? ሣሩ እስከ ውሃው ፊት ከደረሰ በኋላ ወደ ታች የሚሰምጥ ማንኛውም መንጠቆ ሣር ይዞ ይመለሳል። ዓሣው ደግሞ ያለው እዚያው ሣር ሥር ነው፤ ጥላ አለው፣ መደበቂያ አለው፣ ትንንሽ ዓሣና እንቁራሪት ያገኛል። ባዶ ሆድ ያላት የጎማ እንቁራሪት መንጠቆዎቿ ወደ ላይ ዞረው ከጀርባዋ ጋር ስለተጣበቁ ሣር ሳትይዝ ትንሸራተታለች። ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ወደ ላይ ተመልክቶ ያጠቃል። ከ70 ዲግሪ ፋራናይት በላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ21 ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ጊዜው ደርሷል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዘንግ፦ 7 ጫማ ርዝመት ያለው፣ «ሚዲየም ሄቪ» ወይም «ሄቪ» የተጻፈበት። ወገቡ ጠንካራ ካልሆነ ዓሣውን ከሣር ውስጥ መንቀል አይችልም። ጫፉ ግን ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ እንቁራሪቷን የሚያስጨፍራት ጫፉ ነው።
- ሪል፦ ቤይትካስተር የሚባለው ይመረጣል። ጀማሪ ከሆናችሁና ክሩ እየተተበተበ ካስቸገራችሁ 4000 ቁጥር ስፒኒንግ ሪል ይበቃችኋል።
- ክር፦ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር)። ለቤይትካስተር ከ50 እስከ 65 ፓውንድ፣ ለስፒኒንግ ከ30 እስከ 40 ፓውንድ የሚሸከም። ብሬድ ይንሳፈፋል፣ አይለጠጥም፣ ሣሩንም እንደ መጋዝ ይቆርጣል። ተራው ናይለን ሲሳብ እንደ ላስቲክ ስለሚረዝም ጉልበታችሁ መንጠቆው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ፍሎሮካርበን ደግሞ ይሰምጥና የእንቁራሪቷን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትታል።
- እንቁራሪቶች፦ ወደ 2 ኢንች ተኩል ርዝመት፣ ግማሽ አውንስ ክብደት። አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ ይበቃል።
- አንድ በዝቤት (ሲጎተት ውሃውን የሚያንኳኳ የሚሽከረከር ብረት ያለው ማታለያ) እና አንድ ፖፐር (ሲመታ ውሃ የሚረጭ፣ አፉ የጎደጎደ ተንሳፋፊ ማታለያ)፦ ሣር በሌለባቸው ክፍት ቦታዎች።
- ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ፣ መቀስ፣ እና መንጠቆ የሚቆርጥ የሽቦ መቁረጫ። መቁረጫው ለዓሣው ብቻ ሳይሆን መንጠቆ ሥጋችሁ ውስጥ ቢገባም ያስፈልጋል።
- ፖላራይዝድ መነጽር። ይህን ግዴታ ነው የምለው፤ ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።
- መረብ፣ ጓንት፣ ሜትር፣ በረዶ የሞላ ኩለር። ከጀልባ ወይም ከካያክ የምታጠምዱ ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሳችሁ እንጂ ከወንበሩ ሥር አስቀምጣችሁ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ፈቃድ አውጡ

16 ዓመት የሞላው ሰው በቨርጂኒያም፣ በሜሪላንድም፣ በዲሲም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሦስቱም በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ለቆማችሁበት ዳርቻ የሚሠራውን ግዙ። ሜሪላንድ ውስጥ ታይድ ለሚደርስበት ውሃ የሚሰጠው ፈቃድ እና ለሌላው ጣፋጭ ውሃ የሚሰጠው የተለያዩ ናቸው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱን በስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ኔትወርክ ላይኖር ይችላልና ፎቶም አንሱት።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ሰዓቱን ምረጡ

መኪና ላለውና ጀልባ ለሌለው ሰው ሦስት ቦታ እጠቁማለሁ፦ በቨርጂኒያ ሎርተን አጠገብ ያለው የፖሂክ ቤይ መናፈሻ፣ ዉድብሪጅ አጠገብ ያለው ሊሲልቫኒያ የግዛት መናፈሻ፣ እና በሜሪላንድ ማታዎማን ክሪክ ላይ ያለው ስሞልዉድ የግዛት መናፈሻ። ከዳርቻ ማጥመድ የሚፈቀደው የቱ ጋ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ቶሎ አትወርውሩ። 5 ደቂቃ ቆማችሁ ውሃውን ተመልከቱ። የምትፈልጉት ሣሩን ብቻ አይደለም፤ ሣሩ የሚለወጥበትን ቦታ ነው፦ በሣሩ መካከል ያለች የገበታ ያህል ክፍት ቀዳዳ፣ ሃይድሪላው አልቆ ሰፋፊው ቅጠል የሚጀምርበት መስመር፣ የወደቀ ግንድ፣ ትንሽ ጅረት የሚገባበት ጥግ። ዓሣ አድፍጦ የሚበላ እንስሳ ነው፤ ሜዳ መሃል አይቆምም፣ በር ላይ ይቆማል።

ስኔክሄድ ደግሞ ራሱን የሚያጋልጥበት ነገር አለው። አየር የሚተነፍስ ዓሣ ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ ይጎነጫል። «ቧ» የሚል ትንሽ ድምፅና ተከትሎት የሚወጣ አረፋ ካያችሁ ቦታውን በዓይናችሁ ምልክት አድርጉ። በሰመር መጀመሪያ አንዳንድ ጊዜ ውሃው ፊት ላይ እንደሚፈላ ሽሮ የሚንተከተክ የጫጩት ዓሣ ክምችት ታያላችሁ። ወላጆቹ ከሥሩ ቆመው ይጠብቃሉ፤ በዚያ ላይ የምታልፍ እንቁራሪት በሰላም አታልፍም።

ሰዓቱ፦ ጎሕ ሲቀድ ያለው የመጀመሪያው ሁለት ሰዓትና ከመምሸቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ሰዓት። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ዓሣው ከጥልቁ ወደ ዳር ይወጣል፤ ማታለያውንም ከሥር ሆኖ እንደ ጥላ እንጂ በዝርዝር አያየውም። ደመናማ ቀን ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ማጥመድ ትችላላችሁ። ቀትር ላይ ፀሐይ ካቃጠለ ወደ ወፍራሙ ሣር ሂዱ፤ ከሥሩ ቀዝቃዛ ጥላ አለና።

ታይዱ፦ ከዳርቻ ለምታጠምዱ ከሙላቱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ግማሽ ጉድለት ያለው ጊዜ ይሻላል። ውሃው ሲሞላ ዓሣው እስከ እግራችሁ ሥር ድረስ ይገባል፣ ሲያጎድል ደግሞ ትንንሾቹን ዓሦች ከሣሩ እያወጣ ወደ በሮቹ ይገፋቸዋል። ሙሉ በሙሉ ሲጎድል ከፊታችሁ የሚቀረው ጭቃ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት (ኖአ) የታይድ ሰንጠረዥ በነፃ ያወጣል። የዲሲውን ሰዓት ለማታዎማን አትጠቀሙበት፤ ሙላቱ የሚጀምረው ከታች ስለሆነ በየቦታው ሰዓቱ ይለያያል። ለእናንተ የሚቀርበውን ጣቢያ ምረጡ።

ደረጃ 3፦ ክሩን እሰሩ

ለብሬድ ፓሎማር የሚባለውን ቋጠሮ ተጠቀሙ። ክሩን አጥፋችሁ ሁለት አድርጉት፣ የታጠፈውን ጫፍ በእንቁራሪቷ ቀለበት አሳልፉ፣ በዚያው በታጠፈው ተራ ቋጠሮ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከዚያ በቀረው የክር ቀለበት ውስጥ እንቁራሪቷን በሙሉ አሾልኩ፣ በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ማርጠቡ ክሩ እርስ በርሱ ሲፋተግ እንዳይጎዳ ነው። ሌላ ክር መቀጠል አያስፈልግም፤ ማታለያዋ ሣር ላይ ስለሆነች ዓሣው ክሩን አጥርቶ አያይም።

የሪሉን ፍሬን አጥብቁት። በእጃችሁ ክሩን ስትጎትቱ በግድ የሚወጣ መሆን አለበት። በክፍት ውሃ ይህ ስህተት ነው፣ እዚህ ግን ዓሣው አንድ ሜትር ከሮጠ ራሱን በሣር ቀብሮ ያመልጣችኋል። ስፒኒንግ የያዛችሁ ትንሽ አላሉት።

ደረጃ 4፦ እንቁራሪቷን አዘጋጁ

ከሱቅ እንደመጣች አትወርውሯት። አራት ነገር አድርጉ።

ሀ) ገላዋን በጣታችሁ ተጫኑት። በቀላሉ ተጨፍልቆ መንጠቆዎቹ ካልወጡ ጎማው ጠንካራ ነው፤ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ደጋግማችሁ እሹት። ዓሣው ሲነክስ ገላዋ ካልታጠፈ መንጠቆው ዓሣውን አይነካውም።

ለ) ሁለቱን መንጠቆዎች በፒንሳ ይዛችሁ በጣም በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ውጭ ክፈቷቸው፤ የወረቀት ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ። ከዚያ ካለፈ ሣር ይለቅማል፣ መንጠቆውም ይደክማል።

ሐ) እግሮቿ ሆነው የተሠሩትን ክሮች በመቀስ አሳጥሩ፣ አንዱን ጎን ከሌላው ግማሽ ኢንች ያህል አሳጥሩት። ረጅሙ እግር ስለሚጎትታት ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ትሄዳለች። ደግሞ ረጅም እግር ካላት ዓሣው እግሯን ብቻ ይዞ ይለቃታል።

መ) የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍራችሁ ላይ አስኪዱት። ከተንሸራተተ ደንዝዟል፣ ሳሉት ወይም ቀይሯት።

የቀለም ነገር ብዙ ያከራክራል፤ እኔ ግን ሲጨልምና ሲደምን ጥቁር፣ ብሩህ ቀን ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ እወረውራለሁ። ጥቁር በደካማ ብርሃን ከሰማዩ ጋር ሲነጻጸር ጥርት ያለ ጥላ ይሰጣል።

ደረጃ 5፦ ቀርባችሁ ሳይሆን አልፋችሁ ወርውሩ

ወደ ውሃው ስትጠጉ በቀስታ ርገጡ። በዳርቻው ጭቃ ላይ የእግራችሁ ኮቴ ውሃው ውስጥ ይሰማል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ከሆነ ጥላችሁ ልትወረውሩበት ካሰባችሁት ቦታ ላይ እንዳያርፍ ጎንበስ በሉ። መጀመሪያ እግራችሁ ሥር ያለውን 3 ሜትር ወርውሩበት፣ ብዙ ስኔክሄድ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ካያችሁት ቀዳዳ ላይ በቀጥታ አትጣሉ። ከ2 እስከ 3 ሜትር አሳልፋችሁ ሣሩ ላይ ጣሉና ወደ ቀዳዳው ጎትቷት። ሜዳ ላይ «ጧ» ብሎ የሚወድቅ ነገር ዓሣውን ያስደነግጠዋል፤ ከሣሩ ላይ እየተንሸራተተች የምትመጣ እንቁራሪት ግን በየቀኑ የሚያያት ናት። ማታለያዋ ካረፈች በኋላ ውሃው ላይ የታየው ክብ ሞገድ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ከዚያ ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ እንቁራሪቷን አንቀሳቅሱ

የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ውሃው አቅጣጫ አድርጉ። በእጅ አንጓችሁ ብቻ አጭር አጭር ቧ፣ ቧ እያደረጋችሁ ምቱ፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ክሩን ወዲያው አላሉት። የላላ ክር ነው ግራና ቀኝ የሚያስዞራት። ክሩ እንደተወጠረ ከሳባችሁ በቀጥታ ትጎተታለች፣ በቃ።

ሁለቱ ዓሦች የሚፈልጉት አካሄድ ይለያያል፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ በባስ አካሄድ ስኔክሄድን ይፈልጋል።

ባስ ማረፍ ይወዳል። ቀዳዳው ላይ ስትደርሱ አቁሟት፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ዝም በሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንቀጥቅጧት። ብዙውን ጊዜ የሚመታት ቆማ ሳለች ነው።

ስኔክሄድ ግን ተከታታይ ነው። ከኋላዋ እንደ ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀ ሲመጣ ታያላችሁ። ያን ጊዜ እጃችሁ መቆም ወይም መፍጠን ይፈልጋል፤ ሁለቱንም አታድርጉ። በጀመራችሁበት ፍጥነት ቀጥሉ። ስታቆሙ ብዙ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ ስታፈጥኑ ደግሞ መትቶ ይስታታል።

ሣር በሌለበት ክፍት ቦታ እንቁራሪቷን በበዝቤት ወይም በፖፐር ቀይሩ። በዝቤት ውሃው ላይ እንደወደቀ መጠቅለል መጀመር አለባችሁ፤ ከቆመ ይሰምጣል። ፖፐር ደግሞ አንድ ምት፣ አንድ ዕረፍት ይፈልጋል። ፖፐር ሦስት ቅርንጫፍ መንጠቆ ስላለው ሣር ላይ ከጣላችሁት የሚመለሰው ሣር ተሸክሞ ነው።

በየጥቂት ውርወራው እንቁራሪቷን ጨምቃችሁ የገባባትን ውሃ አውጡ። ውሃ የሞላባት እንቁራሪት ቂጧ ይሰምጣል፣ ገላዋም ሲነከስ አይታጠፍም።

ደረጃ 7፦ ሲመታ አትጎትቱ

ጥያቄው እዚህ ነው። የሆነውን ነገር በመጀመሪያ እንረዳው። ዓሣው አፉን ሲከፍት ውሃውን፣ ሣሩንና እንቁራሪቷን አንድ ላይ ይመጥጣል። እናንተ ያያችሁት ፍንዳታ የአፉ መከፈት ነው፣ መዘጋት አይደለም። አፉን ዘግቶ፣ ገላዋን ጨፍልቆ፣ ፊቱን ወደ ታች እስኪያዞር ድረስ መንጠቆዎቹ ገና በጎማው ጀርባ ላይ ተደብቀዋል። በፍንዳታው ቅጽበት ከጎተታችሁ ክፍት አፍ ውስጥ ያለች ለስላሳ ጎማ ትሾልካለች። አንዳንዴም ዓሣው ሣሩን ብቻ መትቶ እንቁራሪቷን ገና አላገኛትም፤ ስትጎትቱ ትወስዱበታላችሁ።

እኔ በመጀመሪያው ሰመር በአንድ ጠዋት 7 ጊዜ ተመትቶብኝ አንድም ዓሣ ሳላወጣ ተመልሻለሁ። መንጠቆውን ቀየርኩ፣ ዘንጉን ቀየርኩ። ጥፋቱ ግን ዓይኔ ሲያይ እጄ መነሳቱ ነበር። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ ዓይናችሁ ባየው አትጎትቱ፣ እጃችሁ ክብደት ሲሰማው ጎትቱ።

በተግባር እንዲህ ነው፦

1. ሲመታ የዘንጉን ጫፍ ካለበት አታንሱ። ድምፅ አውጥታችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» በሉ። ይህ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል፣ እጃችሁንም ያዘገየዋል። አብሮኝ የሚያጠምድ ሙስሊም ወዳጄ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ እኩል ይሠራል።
2. እንቁራሪቷን ፈልጉ። አሁንም ላይ ከታየች አልወሰዳትም። ከጠፋችና ክሩ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች መሄድ ከጀመረ ወስዷታል።
3. ጫፉን ወደ ዓሣው እያመለከታችሁ የላላውን ክር ቶሎ ጠቅልሉ። የላላ ክር እያለ መጎተት አየር መጎተት ነው።
4. ክብደቱ ሲሰማችሁ በሁለት እጅ፣ ከወገባችሁ ዞራችሁ፣ ወደ ላይ በኃይል ሳቡ። አንድ ጊዜ፣ ያለ ማመንታት። የስኔክሄድ አፍ አጥንት ነው፤ ለስላሳ ሳብ አይበሳውም።

ማስጠንቀቂያ፦ መንጠቆው ካልያዘ እንቁራሪቷ በዚያ ኃይል ወደ ፊታችሁ ተወንጭፋ ትመጣለች። ዓይንን የሚያጠፋ ነገር ነው። መነጽራችሁን ከቤት እስክትገቡ አታውልቁ፣ ልጆች ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ አይቁሙ።

ስቶ ከሆነ፦ አትጠቅልሉ። እንቁራሪቷን እዚያው 5 ሰከንድ ተዉአትና አንድ ጊዜ ነቅንቋት። ካልተመለሰ አንስታችሁ ከቦታው 2 ሜትር አሳልፋችሁ እንደገና ጣሉ። ሁለተኛ ዘንግ ካላችሁ ክብደት የሌለው የጎማ ትል አስራችሁ ዝግጁ አድርጉና እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ጣሉት፤ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ባስ ብዙ ጊዜ ይወስደዋል።

ደረጃ 8፦ ከሣሩ አውጡት

ከያዘ በኋላ የመጀመሪያው 3 ሰከንድ ወሳኝ ነው። ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ሳታቋርጡ ጠቅልሉ፤ ዓላማው ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ማቆየት ነው። ጭንቅላቱ ከሣሩ በላይ ከሆነ ሰውነቱ እንደ በረዶ ሸርተቴ ይከተላል። ወደ ታች ከዞረ ግን 4 ፓውንድ ዓሣ ከ10 ፓውንድ ሣር ጋር ትጎትታላችሁ።

ሣር ውስጥ ከተቀበረ አትመንጭቁ። ክሩን አጥብቃችሁ ያዙና በካያክ ከሆናችሁ እናንተ ወደ እርሱ ሂዱ፣ ሣሩንም በእጃችሁ እየገለጣችሁ በመረብ አውጡት። ከዳርቻ ከሆናችሁ ያለ ማላላት አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ሲንቀሳቀስ ይፈታል። ወደ ጭቃው ገብታችሁ አትከተሉት። ታይዱ የጎደለበት የፖቶማክ ጭቃ እስከ ጉልበት ይውጣል፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ መውጫው ያስቸግራል።

ደረጃ 9፦ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ባስ ከሆነ የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣት ይዛችሁ መንጠቆውን በፒንሳ አውጡ። የሚፈቀደው መጠን እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ለመውሰድ ካሰባችሁ ደንቡን በዚያው ቀን ተመልከቱ። እኔ ባስን ሁሉ እለቃለሁ፤ በሰመር ሙቀት ከውሃ ውጭ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አታቆዩት።

ስኔክሄድ ከሆነ እጃችሁን ከአፉ አርቁ። ጥርስ አለው፣ ያዳልጣል፣ መሬት ላይም ይወራጫል። በጓንት ከስንጥቡ ኋላ አጥብቃችሁ ያዙት።

ከእርሱ ጋር የሚምታታ ቦውፊን የሚባል የአገሩ ነባር ዓሣ አለ፣ እርሱን መግደል የለባችሁም። ሁለቱም ረጅም የጀርባ ክንፍ አላቸው። ገልብጣችሁ ሆዱን ተመልከቱ፦ የስኔክሄድ የሥረኛው የኋላ ክንፍ ረጅም ሲሆን የቦውፊን አጭር ነው። የስኔክሄድ የሆድ ክንፎች ከደረቱ ክንፎች አጠገብ ናቸው፤ የቦውፊን ግን ወደ ሆዱ መሃል ይርቃሉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ልቀቁት።

ማስጠንቀቂያ፦ ስኔክሄድን በሕይወት እያለ ይዞ መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው። አየር ስለሚተነፍስ በእርጥብ ከረጢት ውስጥ ለረጅም ሰዓት አይሞትም፤ «ኩለር ውስጥ ይሞታል» ብላችሁ አትጫኑት። የቨርጂኒያም የሜሪላንድም የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቁት ወዲያው እንድትገድሉት ነው። ጭንቅላቱን በዱላ አጥብቃችሁ ምቱ፣ ስንጥቡን በቢላዋ ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ ቅበሩት። ደሙ መፍሰሱ ሥጋውንም ነጭ ያደርገዋል።

ደረጃ 10፦ ወደ ማዕድ

«እባብ ይመስላል፣ ይበላል ወይ?» የሚለው ሁለተኛው የተለመደ ጥያቄ ነው። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ወገኖቼ ሲጠይቁኝ ዓሣውን አገላብጬ አሳያቸዋለሁ፦ ስኔክሄድ ክንፍም ቅርፊትም አለው። ሥጋው ነጭ፣ ጠንካራ፣ ብዙ የማይሸት ነው። ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ብዙ ስለሆነ በሆምጣጤና በጨው እሹት፣ ከዚያ ሥጋውን ከአጥንቱና ከቆዳው ለዩት። ጠንካራ ስለሆነ ለጎላሽ ከቆሮሶ ይሻላል፣ ሲማሰል አይፈርስም። ለጥብስ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሽታችሁ በጋለ ዘይት ውስጥ። በጥሬው አይበላም፤ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል እስከ ውስጡ ይብሰል።

ማስጠንቀቂያ፦ ታይድ በሚደርስበት ፖቶማክ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ስላለ ግዛቶቹ በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚገባ በየዓሣው ዓይነት መመሪያ ያወጣሉ። ከመብላታችሁ በፊት አንብቡት፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንዲሁም ሕፃናት ካሉ። ኬሚካሉ በስብ ውስጥ ስለሚከማች ቆዳውን፣ የሆዱን ሥርና ጠቆር ያለውን ስባም ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

አንድ ቦታ ላይ 50 ጊዜ መወርወር። አንድ ቀዳዳ 4 ወይም 5 ውርወራ ይበቃዋል፤ ካልተመታ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ያልተመታበት ግን ዓሣ ሲተነፍስ ያያችሁበት ቦታ ካለ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱበት።

ክሩን አለመፈተሽ። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን አንድ ጫማ በጣታችሁ ዳሱ፤ ከሻከረ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። የስኔክሄድ ጥርስ ብሬድን ይላጫል።

ነጎድጓድ ሲሰማ «ትንሽ ልጨርስ» ማለት። ዘንጉ ካርቦን ነው፣ እናንተም ሜዳ ላይ የቆማችሁት ረጅሙ ነገር ናችሁ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ ወደ መኪና ግቡ።

በቁምጣ ሣር ውስጥ መግባት። መዥገር አለ፣ በሽታም ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ካልሲውን በሱሪው ላይ አውጡ፣ ቤት ስትገቡ ከጉልበት ኋላና ከብብት ጀምራችሁ ራሳችሁን ፈትሹ።

ወደ ቤት ስትመለሱ እንቁራሪቶቹን ጨምቃችሁ ውሃውን አውጡና ለአንድ ሌሊት ክፍት ቦታ ላይ አድርቋቸው። እርጥብ ሆነው ሣጥን ውስጥ ከተዘጋባቸው መንጠቆው ይዝጋል፤ ለሚቀጥለው ጠዋትም የደነዘዘ መንጠቆ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።